ዛሬ ባህር ዳር ላይ ከምናያቸው መኪኖች የትኛው ነው ነገ አንቲክ የሚሆነው?

ጣና_ማለዳ ጻፈ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ ሰርገኞች ፎቶ ሊነሱ መጡ። አምስት መኪና ናቸው። ከፊት ነጭ ቪ8፣ ከኋላ ደግሞ አንዲት ሰማያዊ ቮልስ፣ አበባ የተለጠፈባት። ሙሽሮቹ የወረዱት ከቪ8ቱ ነው። ፎቶ የተነሱት ግን ቮልሷን ተደግፈው ነው። ፎቶ አንሺው ጭራሽ "ቪ8ቱን ዞር አድርጉልኝ፣ እየገባብኝ ነው" ብሎ አስነሳው።

ሳቄ መጣ። ልጅ እያለን ሰፈራችን ቮልስ ያላቸው አንድ መምህር ነበሩ። ጠዋት ጠዋት የምንገፋላቸው እኛ ነን። ስትነሳ ጭሷን እየጠጣን እናጨበጭባለን። ያኔ "ይቺ መኪና አንድ ቀን ለሙሽራ ትከራያለች" የሚል ሰው ቢመጣ አብዷል ነበር የምንለው።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። ዛሬ መንገድ ላይ ዞር ብለን ከማናያቸው መኪኖች ውስጥ፣ የዛሬ ሃያ ሠላሳ ዓመት ሰው ቆሞ የሚያየው፣ ፈልጎ የሚገዛው የቱን ነው? በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ከጥር 2016 ወዲህ ተከልክሏል። የገባው ገብቷል። ከዚህ ውስጥ ማን ይተርፋል?

ነገሩ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። አባቴ ትቶልን ያረፈ ሃይሉክስ አለ። የ1998 (እ.ኤ.አ.) ሥሪት፣ 5ኤል የሚሉት የናፍጣ ሞተር ያለው፣ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ግቢያችን ማንጎው ሥር ከቆመ ሁለት ክረምት አለፈው። አንድ ሰው "በኤሌክትሪክ መኪና ልቀይርህ፣ ልዩነቱን ጨምር" ብሎ ይዞኛል። እናቴ ዝም ብላለች። የእናቴን ዝምታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ምን ትላላችሁ?

ፖሊ_ልጅ ጻፈ፦

ቀይር! አንቲክ የሚሆነው የአንድ ዘመን መጀመሪያ ወይ መጨረሻ የሆነው ነው። መሃል ላይ ያለውን ማን ያስታውሰዋል? ሃይሉክስህ መሃል ነው። የኤሌክትሪኩ ግን መጀመሪያ ነው።

ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 1999 ኢቪ1 የምትባል የኤሌክትሪክ መኪና ሠርቶ ነበር። 1,117 ብቻ። በኪራይ እንጂ በሽያጭ አይሰጣትም ነበር። በኋላ መልሶ ሰበሰባቸውና አብዛኞቹን ጨፈለቃቸው። የተረፉት ጥቂቶች አሁን ሙዚየም ውስጥ ናቸው። የመጀመሪያዋ ቴስላ ሮድስተርም ከ2,500 አትበልጥም። ሁለቱንም በዘመናቸው "መጫወቻ" ያላቸው ሰው ብዙ ነው።

የኛ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና እንዳይገባ በመከልከል ኢትዮጵያ ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት። የዚያ ዘመን ምስክር ማን ይሆናል? አሁን ፓፒረስ ሆቴል ጋ ቆመው የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች፣ አይዲ 4 እና አይዲ 6 ናቸዋ። አይዲ 6ን እኮ ፎልክስዋገን ለቻይና ገበያ ብቻ ብሎ ነው የሠራት። በገዛ አገሯ ጀርመን አትሸጥም። ባህር ዳር ግን አለች። የዛሬ 30 ዓመት የጀርመን ሰብሳቢ እዚህ ድረስ ፈልጓት ባይመጣ ከምላሴ ጠጉር።

ደላላው_ነኝ ጻፈ፦

ፖሊ፣ ቀስ በል ወንድሜ። ከምላስህ የሚነቀለው ጠጉር እንዳይበዛ።

18 ዓመት መኪና አሻሽጫለሁ። እኛ አገር "መኪናዬ ዋጋ ጨመረ" የሚል ሰው ሁሉ አንቲክ የያዘ ይመስለዋል። ዋጋ የሚጨምረው ግን በተለያየ ምክንያት ነው። አንደኛው ብሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። በዚያ ሰሞን ስንቱ ቪትዝ ይዞ "አተረፍኩ" ሲለኝ ነበር! ቪትዟ ያው ቪትዝ ናት። የወረደው ብሩ ነው። ሌላው ሕግ ነው። የ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። ከዚያ የ2016ቱ ክልከላ ተጨመረ። በሩ ሲዘጋ ውስጥ ያለው ይወደዳል። በሩ ነገ ቢከፈትስ?

የቀረው ፍቅር ነው። እሱን የምለየው እንዲህ ነው። ሰውየው አዲሱን የመግዛት አቅም እያለው አሮጌውን ከመረጠ፣ ያ ፍቅር ነው። ጎንደር መንገድ ላይ አንድ ደንበኛ አለኝ። ሁለት አዳዲስ መኪና ግቢው ቆሞ እሑድ እሑድ የሚነዳው ኮሮላ ዲኤክሱን ነው። ዋጋ ጠራሁለት። ሳቀብኝ። ሌላ ዋጋ ጠራሁለት። ስልኩን ዘጋብኝ። አንቲክ ማለት ደላላ ላይ ስልክ የሚያዘጋ መኪና ነው።

የኔ ግምት ከተጠየቀ ቪ8 ነው። ላንድክሩዘር 200 እ.ኤ.አ. በ2021 አብቅቶ 300ው ሲመጣ ሞተሩ ቪ6 ሆኗል። ሰው ግን 300ውንም "ቪ8" እያለ ነው የሚጠራው። "ቪ8 የሚነዳ" ስትል ስለ መኪና ብቻ አይደለም የምታወራው። ባለሥልጣን ትላለህ፣ ሀብታም ትላለህ፣ አንዳንዴም ትሳደባለህ። እንዲህ ስሙ ከቋንቋችን የገባ መኪና ዝም ብሎ አይጠፋም።

ቪትዝን ካነሳሁ ደግሞ ልንገራችሁ። አብዛኛዋ መሪዋ የዞረ ነው። ከጃፓን መሪዋ በቀኝ ሆኖ ወጥታ መንገድ ላይ ወደ ግራ የተዞረላት ናት። ሰብሳቢ የሚፈልገው ከፋብሪካ እንደወጣች ያለችውን ነው። ስለዚህ ከመቶ ቪትዝ መሪዋ ያልዞረችውን የያዘ ይያዝ።

ብስክሌተኛው ጻፈ፦

ይቅርታ፣ ባህር ዳር የብስክሌት ከተማ ነበረች። ነበረች አልኩ። ዘንባባው ሥር በሰልፍ የሚሄደው ብስክሌት የት ገባ? አንቲክ የምትፈልጉ ከሆነ አባቶቻችን የነዱትን ብስክሌት ፈልጋችሁ አሳዩኝ። ቦሎ አይጠይቅ፣ ሊብሬ አይጠይቅ። በሉ ቀጥሉ።

ዳላስ_ጎጃሜ ጻፈ፦

ጣና_ማለዳ፣ ነፍስ ይማር። እኔ ከዳንግላ ነኝ፣ አሁን ያለሁት ቴክሳስ ነው። እዚህ ይሄ ነገር ትልቅ ንግድ ስለሆነ ያየሁትን ልበል።

የመጀመሪያው ነገር፣ ሰው የሚገዛው መኪና ሳይሆን ልጅነቱን ነው። በ15 ዓመቱ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያየውን መኪና 45 ሲሞላው፣ ልጆቹ ሲያድጉለት፣ ገንዘብ ሲተርፈው ይገዛዋል። ስለዚህ የዛሬ 30 ዓመት ምን ይፈለጋል ብለህ ስትጠይቅ መኪናውን አትይ። ዛሬ 15 ዓመት የሆነው ልጅ ምን እያየ እንደሚቆም እይ።

ሌላው፣ እዚህ አሜሪካ 25 ዓመት የሚባል መስመር አለ። ለዚህ አገር ገበያ ያልተሠራ መኪና 25 ዓመት ከሞላው የፌዴራሉን የደኅንነት መስፈርት ሳያሟላም መግባት ይችላል። በዚህ ምክንያት እኛ አገር የእርዳታ ድርጅት ሁሉ የሚነዳው ሃርድቶፕ እዚህ ብርቅ ነው። 70ዎቹ የሚባሉት ላንድክሩዘሮች እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ እስካሁን ይሠራሉ። አሜሪካ ግን ቶዮታ ሸጧቸው አያውቅም። ያ ባለ 4.2 ሊትር ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው 1ኤችዜድ ሞተር ያለው ሃርድቶፕ እዚህ ሲያልፍ ሰው አንገቱን ያዞራል። ወረታ ላይ ከብት ሐኪሙን ይዞ ጭቃ ውስጥ የሚገባው መኪና እኮ ነው! ከነሱ በፊት የነበሩት 40ዎቹማ ተወደው ተወደው ቶዮታ ራሱ ተመልሶ መለዋወጫ መሥራት ጀምሮላቸዋል።

የቀረውን በአጭሩ። እዚህ አሁን ሰው እያሸገ የሚያስቀምጠው በእጅ የሚቀየር ማርሽ ያላቸውን፣ ትልቅ ሞተር የነበራቸውን፣ ለውድድር ተብለው በቁጥር የተሠሩትን ነው። ዶጅ ቻሌንጀር፣ ሆንዳ ኤስ2000 የመሳሰሉትን።

ግን ማሸግ ራሱ አደጋ አለው። ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1976 ኤልዶራዶ የሚባለውን ጣሪያው የሚከፈት መኪና "የመጨረሻው" ብሎ ሸጠ። 14,000 ሠራ። ሰዉ እየተሻማ ገዝቶ ጋራዥ ቆለፈበት፣ ነገ ወርቅ ይሆናል ብሎ። እ.ኤ.አ. በ1984 ካዲላክ ያንኑ መኪና ጣሪያው እየተከፈተ መልሶ አመጣው። ከገዙት ውስጥ ፍርድ ቤት የሄዱም ነበሩ። ሁሉም ሰው ያሸገው ነገር ብርቅ አይሆንም፤ 14,000 ሰው እኩል ብልጥ ሆነ ማለት ነው። ለትርፍ ብለህ ከሆነ አታስቀምጥ፣ ወንድሜ።

ኤንትሬ_ጡረታ ጻፈ፦

ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይነካካል።

ስለ መኪና ስታወሩ ስለ ጭነት መኪና አንድም ሰው አላነሳም። እኔ ኤንትሬ ነድቻለሁ፣ ከነተሳቢው። ፊያት 682 ኤንትሬ። ከባህር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ጣቃ ጭነን አዲስ አበባ እናወርዳለን፤ ስንመለስ የተገኘውን እንጭናለን። የኔው መሪው በቀኝ ነበር። አባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስትወርድ ገደሉ በመስኮትህ ሥር ነው። ቁልቁል ታየዋለህ። ክርንህን መስኮት ላይ ብታሳርፍ ክርንህ አባይ ላይ ነው።

ፍሬን አታምንም። ማርሹን አንደኛ ላይ ትጥልና ሞተሩ ይዞህ ይወርዳል። ድምፁ እንደ ትልቅ ሰው ሳል ነው፣ ሆ... ሆ... ሆ። ወደ ደጀን ሽቅብ ሲሆን ረዳቱ ታኮ ይዞ በእግሩ ከጎን ይሄዳል። ቆመች ከተባለ ታኮውን ጎማ ሥር ይወረውራል። አንድ ቀን ረዳቴ ደክሞት ታኮውን ይዞ ቀረ፤ ሁለት ጠምዛዛ ካለፍኩ በኋላ ነው መቅረቱን ያወቅሁት። ደጀን ቁጭ ብዬ ሽሮ በልቼ ጨርሼ ነው የደረሰው። ታኮው ትከሻው ላይ ነበር። አልጣለውም። እስካሁን ሳስበው ያሳዝነኛል፣ ያስቀኛልም።

አሁን ልጠይቃችሁ። ያ ሁሉ ኤንትሬ የት ሄደ? አረጀና ተቆረጠ፤ ብረት ማቅለጫ ገባ። ያን ያህል ሥራ የሠራ መኪና እስኪያልቅ ይሠራል፣ ሲያልቅ ይቆረጣል። የሚተርፈው የሚወደደው አይደለም፣ ባለቤቱ ታሞበት፣ ወይ ወንድማማች በውርስ ተጣልተውበት፣ ወይ ሊብሬው ጠፍቶበት አንድ ቦታ የተረሳው ነው። እኔ ዛሬ የነዳኋት ኤንትሬ አለች ቢሉኝ ከዚህ ተነስቼ መተማ ድረስ እሄዳለሁ።

ለናንተ ዘመን ያው አይሱዙ ነው። ኤፍ ኤስ አር። ጤፉን፣ ሲሚንቶውን፣ ሽንኩርቱን፣ የሰርግ ድንኳኑን፣ ሁሉን የተሸከመላችሁ እሱ ነው። ግን አንድም ሰው ለማስታወሻ አያስቀምጠውም፣ ሁሉም እስኪያልቅ ይጭንበታል። ለዚህ ነው አንድ ቀን ብርቅ የሚሆነው። ያባትህን መኪና አትሽጥ ልጄ።

የዘጌ_ልጅ ጻፈ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ልቤን ነው የነኩት።

እኔ ግን ትስቁብኛላችሁ። ባጃጅ ነው የምለው። አዎ፣ ሰማያዊዋ ባጃጅ። ሁለት አለኝ፣ ልጆቼን ያስተማርኩት በነሱ ነው። የባህር ዳር ሰው ሁሉ ሆስፒታል የሄደው፣ ገበያ የወጣው፣ ለፈተና የደረሰው በባጃጅ ነው። የዛሬ 30 ዓመት ይሄ ከተማ በአውቶቡስና በኤሌክትሪክ ሲሞላ "በልጅነቴ ከቀበሌ 14 እስከ ጊዮርጊስ ሦስት ሆነን ከኋላ ታጭቀን" የሚል ሰው ይኖራል። መስታወቷ ላይ የሚለጠፈው ጥቅስ፣ የጎኗ መጋረጃ፣ ስትታጠፍ ልብ የምታንጠለጥለው ነገር።

ደግሞ ዝም ብዬ አይደለም የማወራው። ባጃጅ ባለ ሦስት እግሩን መጀመሪያ የሠራው በጣሊያኑ ፒያጆ ፈቃድ ነው። ፒያጆ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣት "አፔ" አለች፣ በጣሊያንኛ ንብ ማለት ነው። ያኔ የአትክልት ነጋዴ ነበር የሚነዳት። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ አሮጌዋን አፔ አድሰው ቡና ይሸጡባታል፣ ሙሽራ ይጭኑባታል። በማር አገር ንቢቱን ብንንቃት ነውር አይሆንም?

ደላላው_ነኝ ጻፈ፦

እህቴ፣ ባጃጅ ሰብስቦ የሚያስቀምጥ ሰው ካገኘሽ እባክሽ ስልኩን ላኪልኝ። ሰባት ልሸጥለት።

የዘጌ_ልጅ ጻፈ፦

ሳቅ! ቮልስም እንዲህ ነበር የተሳቀባት። 21 ሚሊዮን ከ500 ሺህ በላይ ተሠርታ፣ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው ከፋብሪካ የወጣችው። የበዛ ነገር አንቲክ አይሆንም ያለው ማነው? መብዛቷ ነው ሁሉ ሰው ትዝታ እንዲኖረው ያደረገው።

ፖሊ_ልጅ ጻፈ፦

እቴ፣ እውነት አለሽ፣ ባጃጅን ተቀብያለሁ። አንድ ደግሞ ልጨምር፦ ሆላንድ ካር እዚሁ አገር ገጣጥሞ "አባይ" ብሎ የሰየማት የሊፋን አውቶሞቢል ትዝ ትላችኋለች? መኪኖቹን በወንዞቻችን ስም ነበር የሚጠራቸው። ድርጅቱ አሁን የለም። አባይ ከጣና በሚወጣባት ከተማ "አባይ" የምትባል መኪና ንጹሕ ሆና ብትገኝ እኔ ራሴ ተበድሬ እገዛለሁ።

ላሜራ ጻፈ፦

ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ እጄ ስቱኮ ነበር።

22 ዓመት ላሜራ ስቀጠቅጥ ኖሬያለሁ። አንቲክ ይሁን ቁርጥራጭ የሚለየው ጥገና ነው። ፖሊ የኤሌክትሪክ መኪና ያደንቃል። ጥሩ ናቸው፣ ጠላት አይደለሁም። ግን ባለፈው ወር የመጣልኝን ላጫውታችሁ። የምርቱን ስም ተዉት። መኪናው ሁለት ወር ቆሞ ነበር፣ ባለቤቱ ውጭ አገር ሄዶ። ሲመጣ በሩ አልከፈት አለ። ቁልፉን ይጫናል፣ ዝም። ትልቁ ባትሪ ደህና ነው። የሞተችው ትንሿ፣ ባለ 12 ቮልቷ ናት። እሷ ከሌለች ትልቁ አይነሳም፣ በሩም አይሰማም። ቁልፉ ውስጥ የተደበቀችውን ቀጭን ብረት አውጥተን በሩን ከፈትን። ከዚያ የባጃጅ ባትሪ በገመድ አገናኘን። መብራቱ ሁሉ ቦግ አለ፣ ስክሪኑ በራና በቻይንኛ ሰላምታ ሰጠን። ሰባት ሰው ነበርን። "ደህና ነን" አልነው።

እሺ፣ ያን ዕለት በባጃጅ ባትሪ ተነሳ። የዛሬ 25 ዓመት ስክሪኑ ሲሞት ማን ይሠራዋል? ሶፍትዌሩን የሚልከው ድርጅት ከሌለስ? የሃይሉክሱን ፓምፓ ፈትቼ፣ አጥቤ፣ መልሼ እገጥማለሁ። ኖዝሉን አስፈትሻለሁ። ሌላው ቢጠፋ በሞረድና በመዶሻ የሚሆን ይሆናል።

ጣና_ማለዳ፣ ላንተ የምለው፦ ከመወሰንህ በፊት ማግኔት ያዝ። ትንሽ ማግኔት፣ በጨርቅ ጠቅልለው ቀለሙን እንዳይጭር። ከፊት ፓራፋንጎ ጀምረህ መኪናውን ዙረው። ብረት ካለ ይስባል። ስቱኮ፣ ማለት የተመታ ቦታ የሚሞላበት ልጥፍ፣ ካለ ይወድቃል። በተለይ የበሮቹን ግርጌና ከጎማው በላይ ያለውን ቅስት ፈትሽ። ጣና የባሕር ጨው የለውም፣ ስለዚህ እንደ ጅቡቲ ወደብ አይበላም። ግን ማንጎ ሥር ሁለት ክረምት ከቆመ ቅጠሉ ከመስታወቱ ግርጌ ውሃ መውረጃው ውስጥ ገብቶ ይበሰብሳል፣ እዚያ ጋ ነው ዝገቱ የሚጀምረው። ኮፋኖውን ከፍተህ በጣትህ ጥረገው። አይጥ ደግሞ አለ። ሽቦ ይበላል። መኪና ሲነዳ ያልቃል ይላሉ እንጂ ቆሞም ይታመማል።

ፖሊ_ልጅ ጻፈ፦

ላሜራ፣ አባቴን ያስተማረው መካኒክ ስለ ኢንጀክሽን ልክ አንተ እንዳልከው ነበር የሚለው። "ካርቡራተር በምላሴ አጸዳዋለሁ፣ ይሄንን የኮምፒውተር ነገር ማን ይሠራዋል?" ይል ነበር። ዛሬ እያንዳንዱ ጋራዥ ስካነር አለ። አንተስ የለህም?

ባትሪውም እንደሚባለው አይደለም። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ብዙ ጊዜ ተሞልቶ ተራግፎ የሚችል ነው። የሚጎዳው 100 በመቶ ተሞልቶ ሙቀት ላይ መቆም ነው። ግማሽ አካባቢ አድርገህ ጥላ ሥር ብታቆመው ይቆይልሃል። የዛሬ 30 ዓመት የፖሊ ቴክኒክ ልጆች የሞተውን ባትሪ አውጥተው በሌላ ይተካሉ። ሞተር ከመቀየር በምን ይለያል?

ላሜራ ጻፈ፦

ስካነር አለኝ። ገዝቼ አንድ ዓመት ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ፈርቼው። አሁን ከመፍቻ በላይ እሱን ነው የማነሳው። እዚህ ላይ አሸነፍከኝ።

ግን ካርቡራተሩን ያወቅነው ተከፍቶ ስላየነው ነው። ይሄኛው አይከፈትም። ተቆልፏል። ቁልፉ ሩቅ አገር ነው። እሱን ስትፈታልኝ የመጀመሪያውን አይዲ 6 ላሜራ በነፃ እቀጠቅጥልሃለሁ።

ዳላስ_ጎጃሜ ጻፈ፦

ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ ብዬ አላስታርቅም፤ ላሜራ ነው ትክክል። እዚህም አገር የ1990ዎቹን (እ.ኤ.አ.) መኪና ሰው የሚያሳድደው ራሱ ጋራዡ ውስጥ ሊፈታው ስለሚችል ነው።

ጣና_ማለዳ ጻፈ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የታኮውን ታሪክ ለእናቴ አነበብኩላት። ከሁለት ወር በኋላ ስትስቅ የሰማኋት ዛሬ ነው።

ማግኔቱን ሞከርኩ። ፍሪጃችን ላይ የጢስ አባይ ሥዕል ያለበት ማግኔት አለ፣ እሱን ነቅዬ በካልሲ ጠቀለልኩት። የፊት ፓራፋንጎ ያዘ። ኮፋኖ ያዘ። አራቱም በሮች ያዙ። የኋላው ቀኝ ላይ ስደርስ ጠብ አለ። እንደገና አስጠጋሁት፣ ጠብ። አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ሙሉ ስቱኮ ነው። ቀለሙ ላይ ምንም አይታይም። አባቴ "ይሄ መኪና መዶሻ ነክቶት አያውቅም" ነበር የሚለን።

እናቴ በረንዳው ላይ ሆና ታየኛለች። "እዚያ ጋ አይዝም" አለችኝ። "ሐሙሲት ላይ በሬ የገባበት ነው።"

ለካ ከጎንደር ሲመለሱ ነው፣ በምሽት። እህቴ በሆዷ ነበረች። በሬው ከጨለማው ወጥቶ ጎኑን መታው። የበሬው ባለቤት ዱላውን ይዞ እየጮኸ መጣ። እናቴ ከመኪናው ስትወርድ ሆዷን ሲያይ ዱላውን አስቀመጠና ቤቱ አስገባቸው። ወተት ጠጥተው አድረው ነው የሄዱት። በሬው ምንም አልሆነም። አባቴ ላሜራውን ያሠራው አያቴ እንዳትሰማ በማግስቱ በድብቅ ነው። ይሄንን እኔ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ለሰውየው አልቀይርም ብዬ ደወልኩለት።

ደላላው_ነኝ ጻፈ፦

ስቱኮው ዋጋ እንደሚቀንስብህ እያወቅህ ነው?

ጣና_ማለዳ ጻፈ፦

አውቃለሁ። ስልኩን ልዝጋብህ?

ደላላው_ነኝ ጻፈ፦

ዝጋው በለው! አሁን ገባህ።

ላሜራ ጻፈ፦

ያቺን ስቱኮ ማንም እንዳይነካብህ። እኔም አልነካት። ሌላውን ግን እናስተካክል። እስከዚያ ቁልፍ እንዳታዞር። ሁለት ዓመት የቆመ ናፍጣ ውስጥ ውሃ አለ፣ ፓምፓውን ይበላብሃል። ታንከሩን ከታች ፈትተህ አፍስሰው፣ ፊልትሮውን ቀይር፣ ዘይቱን ቀይር። ባትሪውን ነቅለህ ቻርጅ አስደርግ። ጎማዎቹን ንፋ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ገፋ አድርገው፣ ፍሬኑ ተጣብቆ እንደሆነ ይታያል። ቅዳሜ ጠዋት አባይ ማዶ ሥራ አለኝ፣ ስጨርስ በናንተ በኩል አልፋለሁ። ለመግፋት ሁለት ጎረምሳ አዘጋጅ።

ፖሊ_ልጅ ጻፈ፦

አንዱ እኔ ነኝ። ስካነር የሚሰካበት እንደሌለው በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

ጣና_ማለዳ ጻፈ፦

እናቴ "ያ ላሜራ የምትሉት ሰው ቡናውን በስኳር ነው በጨው?" ብላለች።

ላሜራ ጻፈ፦

በጨው። ለፖሊው ስኳር ስጡት።